ድኩላ የሚውልበት ጫካ

ከኮልፌ ተነሥቶ ወደ ቀራንዮ መድኃኔ ዓለም የሚሄድ መንገደኛ ቀና ብሎ ወደ ምዕራብ ቢመለከት የወጨጫን ተራራ ያያል። ዛሬ በመካከሉ ቤት ከቤት ተያይዞ ይታያል እንጂ፥ እኔ ልጅ ሳለሁ የሰፈራችን ዳርቻ እርሻና ጥሻ ነበረ። አጎቴ በጎልማሳነታቸው ዘመን አዳኝ ስለ ነበሩ፥ በዚያ ባለፍን ቁጥር ዓይናቸው ከጥሻው አይነቀልም ነበር።

ዳዊት በመዝሙሩ የሚያነሣት ዋላ በአገራችን የለችም። በየዓመቱ ቀንዱን እየጣለ አዲስ የሚያበቅለው ዋላ፥ በአፍሪካ ምድር በተፈጥሮ የሚገኘው በሰሜኑ ጫፍ፥ በአልጄርያና በቱኒዝያ በኩል ብቻ ነው። የእኛ አዳኞች በደጋው ጫካ ሲከታተሉት የኖሩት ድኩላን ነው። ከድኩላም አንዱ ወገን በዐፄ ምኒልክ ስም «የምኒልክ ድኩላ» ተብሎ ይጠራል፤ መኖሪያውም የኢትዮጵያ ደጋ ነው። ወንዱ ጠቆር ያለና ባለ ጠምዛዛ ቀንድ ሲሆን፥ ሴቲቱ ቀላ ያለች፥ ቀንድም የሌላት ናት።

አጎቴ ስለ ጫካ አመራረጥ ሲነግሩኝ፥ «ልጄ፥ ዛፍ የበዛበት ሁሉ የድኩላ ቤት አይምሰልህ» ይሉ ነበር። የባሕር ዛፍ ደን ከሩቅ ሲያዩት ጫካ ይመስላል፤ ነገር ግን ከሥሩ የሚበቅለው ጥቂት ስለ ሆነ፥ ቅጠልና ቀንበጥ ለቅሞ ለሚያድረው ድኩላ መብልም መሸሸጊያም አይሆነውም። ስለዚህ አስቀድሞ የሚፈለገው ጥድና ወይራ ከቀጋና ከቁጥቋጦ ጋር ተደባልቆ የበቀለበት ሸለቆ ነው። ሁለተኛው፥ በበጋ የማይደርቅ ምንጭ ነው። ሦስተኛው፥ ጥሻው ከሣሩ የሚገናኝበት ዳርቻ ነው፤ ድኩላ ቀን ተሸሽጎ ውሎ ማለዳና ማታ በዚያ ብቅ ይላልና። ይህ ሁሉ ተሟልቶ እንኳ፥ ነፋሱ ከሰውየው ወደ ድኩላው የነፈሰ እንደ ሆነ ድካሙ ከንቱ ነው።

እንዲህ ያለውን ቦታ ማየት የሚወድ ሁሉ ወደ መናገሻ ሱባ ይሂድ። በወጨጫ ተዳፋት ያለውን ይህን የጥድ ጫካ፥ እንደሚተረከው፥ በ15ኛው መቶ ዓመት ዐፄ ዘርዐ ያዕቆብ ከወፍ ዋሻ ዘር አስመጥተው አስተክለውታል፤ የምኒልክ ድኩላም ይኖርበታል። ለከተማው ቅርብ የሆነው ደግሞ፥ በጉለሌና በኮልፌ ቀራንዮ ክፍለ ከተሞች መካከል በ705 ሄክታር ላይ ያረፈው የጉለሌ የዕፅዋት ማዕከል ነው።

እኔ ግን ልጄን የወሰድሁት ስሙን ወደማልጠራው ወደ አንድ ትንሽ ሸለቆ ነበር። ጠመንጃ አልያዝንም። የአጎቴን ትምህርት ተከትለን ምንጩን አገኘን፤ በጭቃው ላይ ሹል ኮቴ፥ ከቁጥቋጦውም ሥር በጠጥ አየን። ነፋሱን ፊት ለፊት ተቀብለን ዝም ብለን ተቀመጥን። ጎሕ ሲቀድም አንዲት እንስት ድኩላ ከጥሻው ወጥታ ጠጣች። ልጄ ትንፋሹን ይዞ ተመለከታት፤ እስከ ቤታችንም ድረስ ሌላ ነገር አላወራም።

ከጥቂት ሳምንት በኋላ ስንመለስ፥ በዚያው በምንጩ መንገድ ላይ የሽቦ ወጥመድ ተዘርግቶ አገኘን። የልጄ ፊት ተለወጠ። ቦታውን ለጓደኞቹ በደስታ ነግሯቸው ኖሯል፤ ከእነርሱም ወሬው ወደ ሌላ ጆሮ ደርሷል። ልቈጣው አሰብሁ፤ ነገር ግን ጥፋቱ የእኔ መሆኑ ታየኝ። ድኩላ የሚገኝበትን አሳየሁት እንጂ የሚጠበቅበትን አላስተማርሁትም ነበርና።

ሽቦውን ነቅለን ጠቀለልነው። በመንገድም፥ በ1999 ዓ.ም. የወጣው የዱር እንስሳት አዋጅ ቁጥር 541 ያለ ፈቃድ ማደንን እንደሚከለክል ነገርሁት። «ድኩላ እኮ ሰኰናዋ የተሰነጠቀ፥ የምታመሰኳም ናት፤ በኦሪት ሥጋዋ ንጹሕ አይደለምን?» አለኝ። ንጹሕ መሆኑ እውነት ነው አልሁት፤ ሆኖም እናቲቱ ግልገሏን በጥሻ ሸሽጋ እየተመላለሰች ታጠባለች፤ ወጥመድም የምታጠባዋን ከሌላው አይለይም። እርስዋ ከተያዘች ግልገሉ ተሸሽጎ እንደ ጠበቃት በረኃብ ይሞታል። ልጄ ይህን ሲሰማ መልስ አልሰጠኝም።

ክረምቱ ካለፈ በኋላ አንድ ማለዳ ራሱ ቀስቅሶኝ ሄድን። ድኩላ አላየንም። በምንጩ ጭቃ ላይ ግን የትልቅ ኮቴና የትንሽ ኮቴ ዱካ ጎን ለጎን ታትሞ ነበር። ልጄ ጐንበስ ብሎ ብዙ ተመለከተው፤ ሲመለስም ማን የት እንደ ዋልን ቢጠይቀው «እግራችንን ልናፍታታ ወጥተን ነበር» ብሎ ዝም አለ።

እንግዲህ ወላጆች ሆይ፥ ልጆቻችሁን ወደ ጫካ ውሰዷቸው፤ ኮቴውን፥ ምንጩንና የነፋሱን መንገድ አሳዩአቸው። ከዚያው ጋር ግን፥ መልካም ቦታ ማወቅ አደራ መቀበል መሆኑን በዚያው ቀን ንገሯቸው፤ እኔ እንዳደረግሁት አታዘግዩት።