ከሞተሩ ላይ የትኛው ነው የሚሠራው?



ሰሞኑን ኢንቦክሴን የሞላው የፈተና ጥያቄ አይደለም፤ የሞተር ሳይክል ጥያቄ ነው። «ቲቸር፣ አፓቼ ይሻላል ቦክሰር?» «አቦ ቲቸር፣ ፐልሰር ኤንኤስን እንዴት ያዩታል?» ከጥያቄው ጋር ፎቶ ይመጣል። ፎቶው ሁሌ ከጎን የተነሣ ነው፤ ሞተሩ ታጥቦ፣ በስታንድ ቆሞ፣ ማንም ሳይቀመጥበት። እንደዚያ ሲታይ ሁሉም ያምራል።

እኔ መካኒክ አይደለሁም። ፊዚክስ አስተምራለሁ፣ ሞተርም እነዳለሁ። ለአንድ ለአንዱ ከምመልስ እዚሁ ልጻፈው ብዬ ነው። ትንሽ ይረዝማል፤ ሻይ ይዛችሁ አንብቡት።

እነዚህ እናንተ የምትወዷቸው ሞተሮች በዓለም ገበያ «ኔክድ» ይባላሉ። እርቃን ማለት ነው (ሳቁን ተዉት)። የውድድር ሞተር ንፋሱን እንዲሰነጥቅ ከፊት እስከ ሆዱ በፕላስቲክ ይለበሳል። ኔክድ ያ ልብስ የለውም፤ ሞተሩ፣ ቴላዮው፣ ማርሚታው ሁሉ በግልጽ ይታያል። በእርግጥ ድሮ ሁሉም እርቃን ነበር። ቢኤምደብሊው እ.ኤ.አ. በ1976 አር100አርኤስን ሙሉ ልብስ አልብሶ ለገበያ አወጣ፤ ሱዙኪ ደግሞ በ1985 ጂኤስኤክስ-አር750ን ከውድድር ሜዳ ወደ መንገድ አመጣው። ከዚያ በኋላ ወጣቱ ሁሉ የለበሰ ሞተር ፈለገ። ሲወድቁ ግን ፕላስቲኩ ይሰበራል፣ አዲሱ ደግሞ ውድ ነው። ስለዚህ አውሮፓ ውስጥ ብዙዎች ስባሪውን ነቅለው ጥለው እርቃኑን መንዳት ጀመሩ። ፋሽኑ የተወለደው ከኪስ ማጠር ነው ማለት ይቻላል።

በ1993 የጣሊያኑ ዱካቲ «ሞንስተር» የሚባለውን ሞተር አወጣ። ንድፉን የሠራው ሚጌል ጋሉዚ ይባላል፤ የትውልድ አገሩ አርጀንቲና ነው። አዲስ ነገር ብዙ አልፈጠረም። ኩባንያው የነበሩትን ክፍሎች ወስዶ ልብሱን አውልቆ ገጣጠማቸው። ከብረት ቱቦ የተበየደው ቴላዮ ከውጭ ይታያል፤ ያ ቱቦ ጌጥ ሳይሆን ሞተሩን የሚሸከም አጥንት ነበር። ሰው የወደደውም ለዚሁ ነው። የሚታየው ሁሉ ሥራ አለው፤ ውበቱም ከሥራው የመጣ ነው።

ታሪኩ ግን እዚያ አያበቃም። ለ2021 ዱካቲ ያንን የቱቦ ቴላዮ አስወግዶ በአጭር የአሉሚኒየም ቴላዮ ተካው። ቴላዮው ብቻውን 4.5 ኪሎ ቀነሰ፤ ሞተሩ በጠቅላላ ከቀድሞው ሞንስተር 821 በ18 ኪሎ ቀለለ። በአፈጻጸም ካየነው ግልጽ መሻሻል ነው። ይሁንና ብዙ አፍቃሪዎቹ «ሞንስተር ሞተ» ብለው አዘኑ። ለምን? በ1993 አጥንት የነበረው ቱቦ በ2020 መታወቂያ ሆኗል። ሰዎቹ የሚፈልጉት ጥንካሬውን ሳይሆን መልኩን ነበር።

ከዚህ አንድ ነገር እንያዝ። ሞተር ላይ ጌጥ የሚመስለው ብዙው ነገር አንድ ቀን፣ የሆነ ቦታ፣ ሥራ ነበረው። ጥያቄው «ቅርጽ ወይስ ጉልበት?» አይደለም። ጥያቄው «ይህ ቅርጽ የሚሠራው የማን መንገድ ላይ ነው?» የሚለው ነው። የሌላ መንገድ ብቃት ቦኬ ሲደርስ ጌጥ ሊሆን ይችላል። አንዳንዴም ከጌጥ ይብሳል።

እስቲ በእጃችን ባሉት እንየው።

ከሰርባትዮው ግራና ቀኝ ወደ ፊት የወጡትን የፕላስቲክ ክንፎች ታውቋቸዋላችሁ። በውሃ በሚቀዘቅዙ ትልልቅ ሞተሮች ላይ ራዲያተሩን ይሸፍናሉ፣ አየር ይመራሉ። ራዲያተር በሌላቸው ትንንሽ ሞተሮች ላይም ግን ይለጠፋሉ። ሞተሩን ደረቱ የሰፋ ጎረምሳ ያስመስሉታል፤ ጉልበት ግን አይጨምሩም። ሞተሩ አንዴ ሲወድቅ መጀመሪያ የሚሰበሩትም እነሱ ናቸው።

መሪውን ደግሞ እዩ። አፓቼ «አርቲአር» የሚለው ምሕጻር «ሬሲንግ ትሮትል ሪስፖንስ» ነው፤ ስሙ ራሱ ከውድድር ሜዳ የመጣ ነው። የ160 እና የ180 መሪ እንደ ውድድር ሞተር ለሁለት የተከፈለ ነው። በአስፋልት ላይ ደስ ይላል። ኮረት ላይ ግን የፊት ጎማው በየድንጋዩ ሲመታ መሪውን የሚይዘው ክንዳችሁ ነው። ዘጠነኛ ክፍል የተማርነው የማንሻ ሕግ እዚህ ጋ ይሠራል፤ መሪው በሰፋ ቁጥር ጎማውን ለመቆጣጠር የሚያስፈልገው ኃይል ይቀንሳል። የገጠር ሞተሮች መሪ ሰፊ የሆነው ያለ ምክንያት አይደለም።

ማርሚታው። ፐልሰር ኤንኤስ 200 ማርሚታው አጭር ሆኖ ከሆዱ ሥር ተሸጉጧል። ይሄ ጌጥ ብቻ አይደለም፤ ክብደቱን ወደ መሐልና ወደ ታች ስለሚያመጣው ሞተሩ በኩርባ ላይ በቀላሉ ይታዘዛል። እውነተኛ ብቃት ነው። ከዋናው አስፋልት ወጥታችሁ በኮረቱ ወደ ቦኬ ስትወርዱ ግን ድንጋዩ የሚያገኘው ሆዱን ነው። ያው ማርሚታ፣ ሌላ መንገድ።

አሁን ወደ ጉልበቱ። ኤንኤስ 200 ወደ 24 የፈረስ ጉልበት አለው፤ ቦክሰር 150 ወደ 12። እጥፍ ነው። ግን ጉልበት ምንድን ነው? ቶርክ ሲባዛ በዙር ነው። የኤንኤሱ 24 ጉልበት የሚገኘው ሞተሩ በደቂቃ 9,500 ዙር አካባቢ ሲሽከረከር ነው። የቦክሰሩ ትልቁ ቶርክ የሚገኘው ግን 5,000 ዙር አካባቢ ነው። የጨርጨርን ዳገት ሰው ከኋላ ጭናችሁ፣ በሁለተኛ ማርሽ፣ በኮረት ስትወጡ በስንት ዙር ትነዳላችሁ? 9,500 ላይ የሚነዳ ካለ እጁን ያውጣ። ኤንኤስ ደካማ ነው አላልኩም፤ እዚያም ይበልጣል፣ ውሃውም በዳገት ላይ ሙቀት ይቀንስለታል። ግን የከፈላችሁበት እጥፍ ዳገቱ ላይ እጥፍ ሆኖ አይገኝም። ራዲያተሩ በድንጋይ ቢበሳ ደግሞ መለዋወጫው የት እንዳለ ከወዲሁ ጠይቁ።

አንድ የረሳነው ነገር አለ፤ አየሩ። ጭሮ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ ናት። እዚያ ያለው አየር ከባሕር ዳርቻው በአንድ ስድስተኛ ያህል ይሳሳል። ካርቡራተር ያለው ሞተር ደግሞ አየሩ መሳሳቱን አያውቅም፤ ቤንዚኑን እንደ ቆላው ይለቃል። ካንዴላው የሚጠቁረው፣ ጭሱ የሚከብደው አንዳንዴ በዚህ ነው። ወረቀቱ ላይ የተጻፈው ጉልበት የተለካው በእኛ ተራራ ላይ አይደለም።

ለእኛ ዓይነት መንገድ አስቦ የሠራ የለም እንዳትሉ። ሆንዳ በ1970ዎቹ አጋማሽ ሲጂ125ን ያወጣው በታዳጊ አገሮች ሰው ሞተርን እንዴት እንደሚይዝ አይቶ ነው። ከልክ በላይ ይጫናል፣ ዘይት በጊዜው አይቀየርም፣ ካቴናው በአቧራ ያልቃል። ስለዚህ መሐንዲሶቹ ከፍጥነቱ ቀንሰው ዕድሜ ጨመሩ። ውስጡን ለጥገና ቀላል አደረጉት፣ ካቴናውን በሽፋን ዘጉት። ብዙ የቻይና ሞተሮች ዛሬም ውስጣቸው የሲጂ ዘር ነው። ያማሃ ኤጂ100ም እንደዚሁ ነው፤ «ኤጂ» ግብርና ማለት ነው። ካቴናው ተዘግቷል፣ ስታንዱ በሁለቱም ጎን ነው፣ የዕቃ መጫኛ ከፊትም ከኋላም አለው። ማንም ለውበት አልነደፈውም። ሆኖም እንዲህ ያለ ሞተር በአንድ ቀበሌ ሲገባ ሕፃናቱ ይሮጡለታል፤ ክትባት ወይም የግብርና ባለሙያ መጣ ማለት ነውና። ለብዙዎቻችን ቆንጆ ሞተር ማለት እሱ ነበር።

ስለዚህ ቅርጽ ከንቱ ነው ልላችሁ አይደለም። አሥራ ሁለተኛ ጨርሶ፣ ውጤቱ ሳይመጣለት ቀርቶ፣ ሰፈር ውስጥ «ምን እየሠራህ ነው?» መባል የሰለቸው ልጅ በሚያምር ሞተር ላይ ሲቀመጥ ቀና ይላል። ያንን ቀና ማለት አልንቅም። መቀመጫውን በቀለም ጨርቅ ያለብሳችሁ፣ ጭቃ መከላከያው ላይ ስም የጻፋችሁ፣ ወላሂ ደስ ይለኛል። በቅሎም በባዛራ ጌጥ ትጌጣለች። በቅሎ ሊገዛ ገበያ የወጣ ሰው ግን ጥርሷን ያያል፣ ሰኮናዋን ያነሳል። ጌጡን ቤት ወስዶ ራሱ ያስርላታል።

ይህን ሁሉ የምጽፈው ገንዘቡ ከየት እንደሚመጣ ስለማውቅ ነው። በሬ ተሽጦ ነው፣ የጫት ማሳ ተይዞ ነው፣ ከአክስት ከአጎት ተለቅሞ ነው። ሞተሩ ሰው አመላልሶ ያንን ዕዳ መክፈል አለበት። የተሳፋሪው መቀመጫ ነገር ለዚህ ነው የሚያሳስበኝ። አዲሶቹ ኔክዶች የኋላ መቀመጫቸው አጭርና ከፍ ያለ ነው፤ ጅራቱ ወደ ሰማይ ያያል፣ ፎቶ ላይ ያምራል። ከኋላ የምትቀመጠው ግን ነፍሰ ጡር ሆና ጤና ጣቢያ የምትሄድ እህታችን ናት፤ ወይም ከገበያ የምትመለስ እናት፣ ጉልበቷ የሚያማት፣ የምትይዘው ነገር የምትፈልግ። የቦክሰር ረጅምና ጠፍጣፋ መቀመጫ ፎቶ ላይ ምንም አይመስልም። እንጀራ የሚያበላው ግን እሱ ነው።

ልትገዙ ስትሄዱ እንዲህ አድርጉ። ሞተሩን ከጎን አትዩት፤ ዞራችሁ ከኋላ እዩት። እናታችሁን ወይም እህታችሁን ይዛችሁ ሂዱና ከኋላ አስቀምጧት፤ እግሯ መርገጫው ላይ ይደርሳል? የምትይዘው አለ? ከዚያ ወደ ታች ጎንበስ በሉ፤ ከመሬት በጣም የሚቀርበው ክፍል ምንድን ነው? ካቴናው ተሸፍኗል? በባትሪ ብቻ ነው የሚነሳው ወይስ በእግርም? ከዚያ በጣት እያመለከታችሁ ሻጩን ጠይቁት፤ «ይሄ ቢወልቅ ሞተሩ ምን ይጎድለዋል?» ሦስት ቦታ «ምንም» ካላችሁ ዋጋው ላይ ተከራከሩ። ቀጥሎ ጭሮ ያሉ ሁለት መካኒኮች ጋ ሄዳችሁ የፍሪሲዮኑ መለዋወጫ በሳምንት ውስጥ ይገኝ እንደሆነ አጣሩ። ይህን ሁሉ አይታችሁ አሁንም አፓቼውን ከወደዳችሁት ግዙት፤ አውቃችሁ የገዛችሁት ነው፣ ማንም አይወቅሳችሁም።

ከተረፈው ገንዘብ ሁለት ሄልሜት ግዙ። ሁለት ነው ያልኩት፤ አንዱ ለተሳፋሪው።

በዚህ መንገድ ለዓመታት የነዳችሁ ደግሞ የትኛው ሞተር ስንት ዝናብና ስንት ክረምት እንደቆየላችሁ ኮሜንት ላይ ጻፉላቸው። ከእኔ የበለጠ የእናንተ ይጠቅማቸዋል።