ባለሜዳና እንግዳ

የእግር ኳስ ጋዜጠኞቻችን ባለፉት አሥርት ዓመታት ያዳበሩት ቋንቋ፣ ሳያስቡት የስደተኛውንም ኑሮ የሚገልጽ ሆኖ አገኘዋለሁ። በገዛ ከተማው የሚጫወተው ቡድን «ባለሜዳ» ይባላል። ከሌላ አገር የመጣው «እንግዳ» ነው። ሁለቱ በየተራ አንዱ ወደ ሌላው አገር እየሄደ የሚጋጠሙበት ሥርዓት ደግሞ «ደርሶ መልስ» ይሰኛል። በናይሮቢ፣ በካምፓላ፣ በጁባ ወይም በጆሃንስበርግ የምንኖር ኢትዮጵያውያን ከእነዚህ ቃላት መካከል የሚመለከተንን ለመምረጥ አንቸገርም። እንግዶች ነን፤ ደርሰናል፤ የመልሱ ቀን ግን በፕሮግራሙ ላይ አልሰፈረም።

እንግዲህ አንድ ጥያቄ አለ። ከአገሩ ርቆ የሚኖር ሰው፣ ቡድኑ ከሜዳው ውጪ በሚጫወትበት ቀን ሱቁን ዘግቶ፣ የትኬቱንና የመኪናውን ወጪ ችሎ፣ አንዳንዴም ድንበር አቋርጦ ስታዲየም የሚገኘው ለምንድን ነው? ጨዋታውን ቤቱ ቁጭ ብሎ በቴሌቪዥን ማየት ይችላል። ድል ፍለጋ ነው እንዳይባል፣ ቡድኖቻችን ከሜዳቸው ውጪ ያላቸው ታሪክ ከማንም የተሰወረ አይደለም። ብዙ ሰው «የአገር ፍቅር ነው» ብሎ ነገሩን በአጭሩ ይዘጋዋል። መልሱ ሐሰት ባይሆንም ለእኔ አይበቃኝም። የአገር ፍቅር በቤት ውስጥም፣ በቤተ ክርስቲያንና በመስጊድም፣ በየወሩ ለወላጅ በሚላከው ገንዘብም ይገለጻል። ከሜዳ ውጪ የሚደረግ ጨዋታ ለይቶ የሚሰጠን አንድ ሌላ ነገር መኖር አለበት።

እኔ ያገኘሁት መልስ «እንግዳ» በሚለው ቃል ውስጥ ያለ ነው። በአማርኛ እንግዳ ማለት ባዳ፣ የማይታወቅ ሰው ማለት ነው፤ በክብር የሚስተናገድ ሰው ማለትም ነው። አገሩን ለቆ የወጣ ሰው ውሎ ሲያድር የሚቀርለት የመጀመሪያው ትርጉም ብቻ ይሆናል። እንግዳ ሲሰነብት ከወርቅነት ወደ ብርነት፣ ከብርነትም ወደ ብረትነት ይወርዳል እንደሚባለው፣ ዐሥር ዓመት የሰነበተን እንግዳ ከበር ወጥቶ የሚቀበል የለም። በኢሚግሬሽን መሥሪያ ቤት ሰልፍ ላይ የፋይል ቁጥር ነው፤ በሚኖርበት ሰፈር «ሐበሻው» ነው። ቡድናችን ሲመጣ ግን ነገሩ ይገለበጣል። እንግዳው እርሱ ይሆናል፤ ተቀባዮቹ እኛ እንሆናለን። ከአውሮፕላን ማረፊያው ወደ ከተማ የሚያስገባው መንገድ በስንት ሰዓት እንደሚጨናነቅ፣ እንጀራው የሚጥመው የትኛው ቤት እንደሆነ፣ ሲመሽ ብርዱ ምን ያህል እንደሚከፋ የምናውቅ እኛ ነን። በባዕድ ከተማ በብዙ መከራ ያካበትነው ዕውቀት ያን ቀን ለወገን የሚሰጥ ስጦታ ይሆናል። ሰው ደግሞ ምንም ያህል ቢቸገር፣ እንግዳ መቀበል የቻለበት ቦታ ላይ ባለቤት ነው።

የክለብ ደጋፊ ይህን ዕድል የሚጠብቀው በዕጣ ነው። ብሔራዊ ቡድን ቢያንስ በየማጣሪያው ወደ አንዱ አገር ብቅ ይላል። ክለብ ግን ከአገር የሚወጣው ቀንቶት ለአፍሪካ ውድድር ሲበቃ ነው፤ ያን ጊዜም ዕጣው ወዴት እንደሚጥለው አይታወቅም። ቅዱስ ጊዮርጊስ እ.ኤ.አ. በ2017 ለመጀመሪያ ጊዜ የአፍሪካ ሻምፒዮንስ ሊግ የምድብ ውድድር ውስጥ ሲገባ ከማሜሎዲ ሰንዳውንስ፣ ከኤስፔራንስና ከቪታ ክለብ ጋር ተደለደለ። በደቡብ አፍሪካ፣ በቱኒዚያና በኮንጎ የሚኖር ኢትዮጵያዊ እኛ ናይሮቢ ያለነው የተመኘነውን እንግዳ አገኘ ማለት ነው። አዲስ አበባ ስታዲየም ውስጥ በጥላ ፎቅ፣ በካታንጋና በሚስማር ተራ ተከፋፍሎ ሲበሻሸቅ የኖረው ደጋፊ፣ በስደት አገር ለሁሉም አንድ አግዳሚ ወንበር ይበቃዋል። ኢትዮጵያ ቡና በ2024 ለኮንፌዴሬሽን ዋንጫ ከኬንያ ፖሊስ ጋር ሲደለደል፣ ዜናውን በስልክ ያበሰረኝ ዕድሜ ልኩን የጊዮርጊስ ደጋፊ የሆነ ወዳጄ ነበር። «ቡና ሊመጣልን ነው!» አለኝ። አዲስ አበባ ቢሆን ኖሮ «ሊመጣብን ነው» ይል እንደነበር ሁለታችንም እናውቃለን።

ይህ የባለሜዳነት ስሜት በሺህ ሰው ሲባዛ ምን እንደሚመስል ያየነው በ2013 በደቡብ አፍሪካ በተካሄደው የአፍሪካ ዋንጫ ነው። ኢትዮጵያ ከ1982ቱ የሊቢያ ውድድር በኋላ ለ31 ዓመታት ከዋንጫው ርቃ ቆይታ ነበር። በደቡብ አፍሪካ ከሚኖሩት ወገኖቻችን ብዙዎቹ ከከተማ ወጣ ባሉ ድሃ ሰፈሮች ትንንሽ ሱቆች ከፍተው፣ ከብረት ፍርግርግ ጀርባ ቆመው የሚነግዱ ናቸው። በሜይ 2008 በውጭ አገር ሰዎች ላይ በተነሣው ጥቃት ከ60 በላይ ሰዎች ሲሞቱ፣ ያ ፍርግርግ ለምን እንደተሠራ ሌላውም ዓለም ተረዳው። እንዲህ ባለ ኑሮ ውስጥ አለመታየት ራሱን የቻለ ጥበብ ነው። ድምፅን ዝቅ አድርጎ መናገር፣ በጊዜ መግባት፣ በሕዝብ መካከል የአገርን ቋንቋ ዋጥ ማድረግ ይለመዳል።

ጃንዋሪ 21 ቀን 2013 ግን እነዚሁ ሰዎች ከጆሃንስበርግ ከ300 ኪሎ ሜትር በላይ ተጉዘው፣ በኔልስፕሩይት ከተማ የሚገኘውን የምቦምቤላ ስታዲየም አረንጓዴ፣ ቢጫ፣ ቀይ አለበሱት። ተጋጣሚዋ ዛምቢያ የ2012 ሻምፒዮን ነበረች። ሳላዲን ሰይድ ፍጹም ቅጣት ምት ሳተ፤ ግብ ጠባቂው ጀማል ጣሰው በቀይ ካርድ ወጣ፤ ዛምቢያም ቀድማ አገባች። ቀይ ካርዱ ሲወጣ ሜዳ ላይ ቩቩዜላ የወረወሩ ደጋፊዎች እንደነበሩም አይካድም። በዐሥር ሰው የቀረው ቡድን ግን በ65ኛው ደቂቃ በአዳነ ግርማ ጎል አቻ ሆነ፤ ጨዋታውም 1 ለ 1 አለቀ። ከዚያ በኋላ በቡርኪና ፋሶ 4 ለ 0፣ በናይጄሪያ 2 ለ 0 ተሸንፈን ተሰናበትን። በውጤት ሰሌዳ ላይ የቀረው አንድ ነጥብና አንድ ጎል ብቻ ነው። በፍርግርግ ጀርባ ለኖረ ሰው ግን ሙሉ ዘጠና ደቂቃ፣ በአደባባይ፣ በገዛ ቋንቋው፣ የሚፈራው ሳይኖር መጮኹ በነጥብ የሚቆጠር አይደለም።

እኔም የዚህን ነገር ትርጉም በደንብ ያስተዋልኩት በሽንፈት ቀን ነው። ኦክቶበር 14 ቀን 2018 ዋልያዎቹ ለአፍሪካ ዋንጫ ማጣሪያ ከኬንያ ጋር ካሳራኒ ስታዲየም ሲጫወቱ፣ ናይሮቢ የተወለደችውን የዘጠኝ ዓመት ልጄን ይዤ ሄጄ ነበር። ከአራት ቀን በፊት ባሕር ዳር ላይ 0 ለ 0 ስለተለያየን ተስፋ ነበረን። በኬንያውያን ደጋፊዎች ባሕር ውስጥ እንደ ትንሽ ደሴት ሆነን ተቀመጥን። ኦሉንጋ አገባ፤ ጆሃና ደገመ፤ ዋንያማ በፍጹም ቅጣት ምት ሦስተኛውን ሲጨምር ልጄ ባንዲራችንን እንደያዘች ከሌላው ሕዝብ ጋር ብድግ ብላ ዘለለች። ወዲያው ደንግጣ ቀና ብላ ዐየችኝ። ምንም አላልኳትም፤ ከያዝኩት ኦቾሎኒ ዘግኜ ሰጠኋት። የዋንያማ ስም በትምህርት ቤቷ ስንት ጊዜ እንደሚጠራ ዐውቃለሁ። እኔ እንግዳ የሆንኩበት ሜዳ ለእርሷ ሜዳዋ ነው።

ማታ ማታቱ ውስጥ ስንመለስ፣ ስለ ጎሎቹ ትጠይቀኛለች ብዬ ስጠብቅ «አባዬ፣ ለካ እንደዚያ መጮኽ ትችላለህ» አለችኝ። ይህች ልጅ በየመሥሪያ ቤቱ መስኮት ፊት ጎንበስ ብዬ፣ በተሰባበረ ስዋሂሊ ስለማመጥ ብዙ ጊዜ ዐይታኛለች። በዚያ ቀን ግን በሺህ ባለሜዳዎች መካከል ቆሜ፣ በጠራ አማርኛ ከዳኛው ጋር ስከራከር ዐየችኝ። 3 ለ 0 ተሸንፈን የገባንበት ማታ ነው፤ እኔ ግን የተሸነፈ ሰው ስሜት አልተሰማኝም። ወላጅ ለልጁ የሚያሳየው የአገር መልክ የግድ ተራራና ወንዝ ብቻ አይደለም። አባት ድምፁን ከፍ አድርጎ የሚናገርበት ቦታም አገር ነው።

ከዚያ ወዲህ ነገሩ ይበልጥ ተወሳሰበ። የአፍሪካ እግር ኳስ ኮንፌዴሬሽን በአገር ቤት ያሉት ስታዲየሞች ደረጃቸውን አላሟሉም በማለቱ፣ ብሔራዊ ቡድናችን «በሜዳው» የሚያደርገውን ጨዋታ ጭምር በሰው አገር ለማድረግ ተገደደ። ጁን 9 ቀን 2022 ግብፅን 2 ለ 0 ያሸነፍንበት ያ የማይረሳ ጨዋታ ባለሜዳ ሆነን ያስተናገድነው ነው፤ የተደረገው ግን በማላዊ ዋና ከተማ በሊሎንግዌ ነው። በሴፕቴምበር 2024 ደግሞ ዳሬሰላም በሚገኘው የቤንጃሚን ምካፓ ስታዲየም መጀመሪያ የታንዛንያ እንግዳ ሆነን 0 ለ 0 ወጣን፤ ከአምስት ቀን በኋላ በዚያው ሣር ላይ ባለሜዳ ተብለን በኮንጎ 2 ለ 0 ተሸነፍን። ሜዳው አልተለወጠም፤ የተለወጠው ስማችን ነው።

በእነዚህ ዓመታት አዲስ አበባ ያለው ደጋፊ የገዛ ቡድኑን «የሜዳ» ጨዋታ እንደ እኛው በቴሌቪዥን መስኮት አየ። አንድ የአጎቴ ልጅ ደውሎ «አሁን እኮ እናንተ ትቀርባላችሁ» ሲለኝ፣ ቀልድ ቢሆንም ቅሬታው አልጠፋኝም። ለብዙ ዓመታት ከአገር የራቅነው እኛ ብቻ መስሎን ነበር፤ አሁን ቡድኑ ራሱ ሻንጣውን አንጠልጥሎ ማደሪያ ፈላጊ ሆነ። በሊሎንግዌና በዳሬሰላም ባለሜዳ የተባለውን ቡድን በእውነት ባለሜዳ ሊያደርገው የሚችለው እዚያ የሚኖር ወገን ብቻ ነበር።

በደርሶ መልስ ሕግ ውስጥ ሁልጊዜ የምወደው አንድ አንቀጽ አለ። ድምር ውጤቱ እኩል ከሆነ ከሜዳ ውጪ የገባ ጎል ይበልጣል ይላል። አውሮፓውያን በ2021 ከውድድሮቻቸው አስወጡት፤ እኛ ግን ባለዕዳው ነን። በሴፕቴምበር 2012 ቡድናችን ወደ ሱዳን ሄዶ 5 ለ 3 ተሸነፈ። በወሩ አዲስ አበባ ላይ በአዳነና በሳላዲን ጎሎች 2 ለ 0 አሸነፈ። ድምሩ 5 ለ 5 ነበር። ከ31 ዓመት በኋላ ወደ አፍሪካ ዋንጫ ያሻገሩን በተሸነፍንበት ቀን፣ በሰው ሜዳ የገቡት እነዚያ ሦስት ጎሎች ናቸው። አዲስ አበባ በደስታ ስትናወጥ ያደረች ጊዜ ሥራው ግማሽ የተሠራው ሌላ ቦታ ነበር።

ያን ጊዜ በካርቱም ይኖሩ የነበሩ ብዙ ኢትዮጵያውያን ዛሬ እዚያ የሉም። በኤፕሪል 2023 የተነሣው ጦርነት በተናቸው፤ አንዳንዶቹ በመተማ በኩል አገራቸው ገቡ፤ ሌሎቹ ወደ ሌላ ከተማ ተሻግረው እንደ አዲስ እንግዳ ሆኑ። ቡድናችን ወደ አንዱ ከተማ በሚሄድበት ቀን፣ በስታዲየሙ በር ባንዲራ ይዞ ቀድሞ የሚደርሰው ከእነርሱ አንዱ ሊሆን ይችላል። ከተማውን ገና አላወቀውም ይሆናል። ያም ሆኖ እንግዳ ሊቀበል ነው የመጣው።