ጣርማበር በዝናብ

ሐምሌ 2014 ዓ.ም. ነው። ከአዲስ አበባ ወደ ደብረ ሲና የሚጓዘው ሚኒባስ ሰንዳፋን ሳያልፍ ዝናቡ ያዘው። ከሾፌሩ ጎን የተቀመጡት ሰው በደርግ ጊዜ ከአገር የወጡ የደብረ ሲና ልጅ ናቸው፤ ስቶክሆልም ውስጥ ለረጅም ዘመን የከተማ አውቶቡስ ነድተዋል። ሌላው ተሳፋሪ ጋቢውን ተከናንቦ ሲያንቀላፋ እሳቸው ዓይናቸውን ከመንገዱ ላይ አላነሡም።

በቅቤዋ ስሟ የተጠራው ሸኖ ታለፈች። ጫጫ አካባቢ ሲደርሱ ሜዳው መረሬ አፈር ነው፤ ውኃ ሲጠግብ በሬም ሰውም የሚውጥ ጥቁር ጭቃ። እዚህ ሰውየው መስኮቱን በእጃቸው ጠርገው ማሳዎቹን እያዩ ቆዩ። በገብሱ መካከል ሰያፍ የሚወርዱ ቦዮች ይታያሉ። ገበሬው ፈሰስ ይላቸዋል። ዘሩ ከመሬት ሲገባ በማረሻ ያወጣቸዋል፤ የተረፈው ውኃ ቡቃያውን ሳያበሰብስ፣ አፈሩንም ጠራርጎ ሳይወስድ ወደ ዳር ይወጣል። አንድ ሽማግሌ ገሳ ለብሰው፣ ዝናቡ እየወረደባቸው፣ የአንዱን ፈሰስ አፍ የዘጋውን ሣርና ጭቃ በአካፋ ሲያነሡ ነበር። የቆመው ውኃ ወዲያው መንገድ አገኘና ወረደ። ሚኒባሱ እስኪርቅ ድረስ ተመላሹ አንገታቸውን አዙረው ተመለከቷቸው።

ደብረ ብርሃን ግን አልታወቀቻቸውም። አፄ ዘርዓ ያዕቆብ በ15ኛው መቶ ዘመን የቆረቆሯት ከተማ እሳቸው ሲለዩዋት የምትታወቀው በብርዷና በብርድ ልብስ ፋብሪካዋ ነበር። አሁን ዩኒቨርሲቲ አላት፣ የቢራ ፋብሪካ አላት፣ በ2011 የተመረቀ የኢንዱስትሪ ፓርክም አላት። ይህ ሁሉ ደስ ይላል። የዚያ ክረምት ደብረ ብርሃን ግን ከወለጋ የተፈናቀሉ ወገኖችንም አስጠግታ ነበር፤ በ2800 ሜትር ከፍታ ላይ፣ በሐምሌ ብርድ፣ በሸራ ሥር የሚያድር ልጅ ዝናቡን እንደ መንገደኛ አያየውም።

ከዚያ በኋላ ዳገቱ ነው። ጣርማበር ሲቃረብ ጭጋጉ መጥቶ መንገዱን ዋጠው። ከይፋት ቆላ የሚነሣው እርጥብ አየር ገደሉን ሲወጣ ይቀዘቅዝና ጭጋግ ይሆናል፤ ስለዚህ በሩ ላይ ፀሐይ ማየት በክረምት ብርቅ ነው። መንገዱ የሚያልፍበትን ዋሻ ጣሊያኖች በወረራው ዘመን ተራራውን በስተው ሠሩት፤ ርዝመቱ ከግማሽ ኪሎ ሜትር ይበልጣል። ሰዉ እስከ ዛሬ በሙሶሎኒ ስም ይጠራዋል። ቦታው ከባሕር ወለል ከ3000 ሜትር በላይ ነው። ከዋሻው ወዲህ በበሬሳና በጀማ በኩል የሚወርደው ዝናብ ዓባይ ገብቶ እስከ ሜዲትራኒያን ይዘልቃል። ወዲያ ማዶ የሚወርደው ወደ አዋሽ ይሄዳል፤ አዋሽም ባሕር ሳያይ በአፋር ሐይቆች ይቀራል።

ከዋሻው ሲወጡ ቁልቁለቱ ጀመረ። ሾፌሩ ወጣት ነው፤ ማርሹን ወደ ሁለተኛ መለሰው።

«ጋሼ፣ አይስጉ፤ እኔ ይህን ገደል በማርሽ ነው የምወርደው።»

«ጎሽ የኔ ልጅ። ፍሬን ከጋለ አይይዝልህም።»

ስዊድን ውስጥ በበረዶ ላይ የነዱት ሰው ይህን ልጅ በሙሉ ልብ አደነቁት፤ ማድነቅም ይገባል። ጣርማበርን በዝናብና በጭጋግ፣ ጭነት መኪና እየተከተለው፣ ረጋ ብሎ የሚወርድ ሾፌር የተሟላ ባለሙያ ነው። 50 ኪሎ ሜትር ባልሞላ መንገድ ከውርጭ አገር እስከ ሸዋ ሮቢት ቆላ፣ 1300 ሜትር ገደማ ከፍታ ድረስ፣ ይወረዳል።

ጭጋጉ ለአፍታ ሲገለጥ የወፍ ዋሻ ደን ባለበት በኩል ጥቁር አረንጓዴ ገደል ታየ፤ ፏፏቴው በየስንጥቁ ነጭ ሆኖ ይወርዳል። ተሳፋሪው ሁሉ ነቅቶ ወደ መስኮቱ ዞረ። ሰውየው ግን ከመኪናው ሥር ያለውን እያዩ ነበር። የመንገዱ ዳር ቦይ በድንጋይና በጭቃ ተሞልቷል፤ ውኃው መውጫ ሲያጣ አስፋልቱን አቋርጦ የመንገዱን ጫፍ ከሥሩ እየበላ ወደ ገደሉ ይወድቃል። ይህ ተዳፋት ደግሞ የሚናድ ነው። በ1998 ዓ.ም. ከደብረ ሲና ብዙም በማይርቀው ይዛባ መሬቱ ተንሸራቶ የብዙ ሰው ቤትና ማሳ ይዞ ሄዷል።

ደብረ ሲና ሲገቡ ዝናቡ ቀጥሏል። ቆሎ ሻጮቹ ላስቲክ ደርበው ወደ መስኮቱ ሮጡ፤ ሞቅ ያለ ገብስና ሽምብራ በብርጭቆ ይሰፈራል። በዚሁ በ2014 ኅዳር ላይ የሰሜኑ ጦርነት እዚህች ከተማ ገብቶ ነበር። ስምንት ወር አልፎ ገበያው ቆሟል፣ ቆሎውም ይቆላል፤ የሸዋ ሰው ጽናት ይህ ነው። ሰውየው ከሴቶቹ አንዷን የማን ልጅ እንደሆነች ጠየቋት፤ አያቷን ያውቃሉ።

በጣርማበር የሚያልፈው ይህ መንገድ ደሴን፣ ወልድያንና መቀሌን ከመዲናዋ የሚያገናኝ ዋና መሥመር ነው። ጣርማበር ላይ አንድ ቦታ ቢናድ በዚህ የሚያልፈው የወሎ ጭነት ይቆማል። ጫጫ ላይ አንድ ገበሬ በአካፋ የሚሠራውን የመንገድ ባለቤቶችም ይሥሩ፤ የጣርማበር ቦዮች በየዓመቱ ሰኔ ሳይገባ ይጠረጉ።