የወናጎዋ ቤትና ጓሮዋ

ቤት ሲሸጥ መጀመሪያ ያየሁት ወናጎ ላይ፣ ልጅ ሆኜ ነው። በ1988 ዲላ ላይ የመምህራን ትምህርትና የጤና ሳይንስ ኮሌጅ ተከፍቶ ስለነበር ተከራዩ በዝቶ ነበር። ኪራይ ያስመረረውን አጎቴን በሞያሌ መንገድ ትንሽ ራቅ ብሎ፣ ወናጎ ላይ፣ ርካሽ ቤት እንዲፈልግ ሰዎች መከሩት። «ና፣ ቤት እንይ» ብሎ እኔንም አስከተለኝ።

ደላላው አጥር ለአጥር እየመራ አንዲት ጭቃ ቤት ደጃፍ አደረሰን። ሁለት ክፍል ናት፤ ወለሏ አፈር፣ ምርጓ እዚህም እዚያም የረገፈ። ቆርቆሮዋ ግን ገና ያብለጨልጫል። አጎቴ ቀና ብሎ ጣራውን ሲያይ የቤቷ ባለቤት እማማ፣ «ይሄን ያለበሰኝ ቡና ነው ልጄ፤ ብራዚልን ውርጭ መትቶ ዋጋ የወጣ ጊዜ» አሉት። በ1986 ክረምት መሆኑ ነው። ብራዚል የዓለም ዋንጫ የበላችውም በዚያው ክረምት ነበር፤ እኔ የማውቀው ዋንጫውን ብቻ ነበር። እዚያ የደረሰ ውርጭ ወናጎ ላይ ሳር ክዳን አስወርዶ ቆርቆሮ እንደሚያለብስ ያን ቀን ሰማሁ።

አጎቴ ግድግዳውን መታ መታ እያደረገ ዋጋ ለማራከስ ሲዘጋጅ፣ እማማ «ቤቱን ተወው፣ ጓሮውን እይ» ብለው ወደ ኋላ ወሰዱን። እንሰቱ በዕድሜው ተራ ገብቷል፤ ቡናው ከሥሩ፣ ከሁሉም በላይ ዋንዛና ብርብራ። «ይሄኛው ዘንድሮ ይፋቃል። ያኛው አምስት ዓመት ይፈልጋል፤ ለልጆችህ ነው» እያሉ አንድ በአንድ አሳዩት። «እማማ፣ እኔ እኮ ቤት ነው የምገዛው» ቢላቸው ሳቁበት።

ነገሩ የሕግም ነው። የከተማ ቦታ በ1967 አዋጅ የመንግሥት ሆኗል፤ የ1987ቱ ሕገ መንግሥትም መሬት እንዳይሸጥ እንዳይለወጥ ደንግጓል። ባለቤቱ የሚሸጠው በመሬቱ ላይ በድካሙ ያፈራውን ነው። ወናጎ ባለችበት በጌዴኦ ደግሞ ያ ድካም ከግድግዳው ይልቅ ተክሉ ላይ ይበዛል። ጭቃ ቤት በአንድ በጋ ይቆማል፤ ጓሮ የሚያድገው በዓመታት ነው።

የእማማና የአጎቴ ክርክር በሽማግሌ አለቀ። የደረሰውን እንሰት እማማ ፍቀው እንዲወስዱ፣ ቀሪው ከነቡናው ለገዢው እንዲሆን ተስማምተው ቀብድ ተቆጠረ፤ ቡናም ተፈላ። ለእኔ እፍኝ ቆሎ ደረሰኝ። አጎቴ ምርጉን በሚቀጥለው በጋ አደሰው፤ ጓሮውን ግን እማማ እንዳሉት ያዘው። ልጆቹ ደብተርና ጫማ የሚገዛላቸው ከዚያ ቡና ነበር።

በመስከረም 2016 የጌዴኦ መልክዓ ምድር በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ሲመዘገብ ትዝ ያሉኝ እማማ ናቸው። እንሰት፣ ቡናና ዛፍ ተደጋግፈው የሚኖሩበት ያ የቆየ አያያዝ ነው ለዓለም የተነገረው። እሳቸው ለአንድ ገዢ በአንድ ከሰዓት አስረድተውት ነበር።

እርስዎም ከዲላ ወደ ይርጋጨፌ ሲሄዱ «የሚሸጥ ቤት» የሚል ጽሑፍ ካዩ ደጃፉ ላይ ቆመው አይፍረዱ። በጓሮ ዞረው ይግቡ፤ የተተከለው መቼ እንደተተከለ ይጠይቁ፤ ዋጋውን ከዚያ በኋላ ይነጋገሩ።