ቀለበቱ ክብ አይደለም

ሐምሌ 16፣ ኪዳነ ምሕረት

ከቅዳሴ በኋላ በኢየሩሳሌም የኢትዮጵያ መንገድ ቁልቁል ስንወርድ የእህቴ ልጅ ወሬው ሁሉ ስለ ሪሾን ለጺዮኑ መዝናኛ ፓርክና በቀለበት ስለሚገለብጠው ሮለር ኮስተር ነው። ከክፍል ጓደኞቹ ጋር ሊሄድ ቀጠሮ ይዟል። «አጎቴ፣ ተገልብጠን ሳለን መያዣው ቢከፈትስ?» አለኝ። በደንብ በተሠራ ቀለበት ውስጥ አናት ላይ እንኳ ሰው ወደ መቀመጫው ነው የሚጫነው፤ የሚሽከረከር ወንጭፍ ድንጋዩን እንደማይጥለው። አላመነኝም። ዞሮ በዐፄ ዮሐንስ ተጀምሮ በዐፄ ምኒልክ ዘመን የተፈጸመውን ክብ ቤተ ክርስቲያን እያየ፣ «ቀለበቱም እንደዚህ ክብ ነዋ?» አለ። ክብ ለቆመ ሕንጻ መልካም ነው፤ ለሚሮጥ ሰው አንገት ግን አይመችም።

ሐምሌ 17

ማታ ወረቀት ላይ ሣልኩለት። እ.ኤ.አ. በ1895 በኒውዮርክ ኮኒ አይላንድ የተተከለው ሮለር ኮስተር «ፍሊፕ ፍላፕ» ቀለበቱ እውነተኛ ክብ ነበር፤ የተሳፋሪውን አንገት ያሳምም ነበር። ምክንያቱ በሒሳብ ይታያል። በክብ ቀለበት አናቱን ለጥቂት የሚያልፍ ፉርጎ ከታች ሲገባ ሰውየው የክብደቱን 6 እጥፍ ይሸከማል፤ 50 ኪሎ የሆነው ልጅ 300 ኪሎ ይሆናል። ይባስ ብሎ ጭነቱ ቀስ ብሎ አይመጣም፤ ሐዲዱ ከቀጥታ ወደ ክብ በገባበት ቅጽበት ዱብ ይላል።

መላው የተገኘው እ.ኤ.አ. በ1976 ነው። ጀርመናውያኑ አንቶን ሽዋርዝኮፕፍና ቨርነር ሽቴንግል ካሊፎርኒያ ለሚገኘው ማጂክ ማውንቴን ፓርክ ቀለበቱን እንደ እንባ ጠብታ አረዘሙት፤ ፉርጎው በሚፈጥንበት በታች በኩል ሰፊ፣ በሚዘገይበት በአናቱ ጠባብ። መጠምዘዙ ደረጃ በደረጃ ስለሚያድግ ሰውነት ለመላመድ ጊዜ ያገኛል።

ሐምሌ 19

ጃፋ መንገድ ላይ ከዳቪድካ ጣቢያ የከተማውን ባቡር ተሳፈርኩ። ማዕከላዊ አውቶቡስ ጣቢያን አልፎ የካላትራቫ ድልድይ ላይ ሲታጠፍ በእጄ የያዝኩት ቡና አልፈሰሰም። የባቡር መሐንዲሶች ቀጥታውን ከመታጠፊያው የሚያገናኙበትን ይህን ደረጃ በደረጃ የሚጠመዘዝ ኩርባ ከእንባ ቅርጽ ቀለበቶቹ በፊት ያውቁት ነበር።

ወርጄ የድልድዩን ምሰሶ ቀና ብዬ አየሁት። ቁመቱ 118 ሜትር ነው፣ 66 ገመድ ይዟል። የአየር ተቃውሞና ሰበቃ ባይኖር ከጫፉ የሚወርድ ፉርጎ መሬት ሲደርስ በሰዓት 173 ኪሎ ሜትር ገደማ ይበር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2005 ኒው ጀርሲ ውስጥ የተከፈተው ሮለር ኮስተር «ኪንግዳ ካ» ቁመቱ 139 ሜትር ነበር፤ በ2024 ተዘጋ። ለእኔ ቁመት ብዙም አያስደንቀኝም። ፍጥነትን እጥፍ ለማድረግ ቁመቱን 4 እጥፍ ማሳደግ ያስፈልጋል፤ ይህ የብረትና የገንዘብ ጉዳይ ነው። ጥበቡ ኩርባው ላይ ነው።

ሐምሌ 23

ልጁ ድምፁ ሻክሮ ተመለሰ። ቀለበቱን ንቆታል፤ ያስጮኸው ቁልቁለቱ ነው። ትክክል ነው፤ ቀለበቱ ሰውን ይጫናል፣ ቁልቁለቱ ግን መቀመጫውን ከሥሩ ይነጥቀዋል። የኮረብታውን አናት የተወረወረ ድንጋይ በሚሄድበት መንገድ ስለሚቀርጹት ሆድ ይንሳፈፋል። ፉርጎው ያኔ ከሐዲዱ የማይነሳው ከላይ፣ ከጎንና ከሐዲዱ በታች ጎማዎች ስላሉት ነው፤ የታችኞቹን ጆን ሚለር እ.ኤ.አ. በ1919 በፓተንት አስመዝግቧል።

«የጃፋ መንገዱ ባቡርስ ከታች ጎማ አለው?»

«የለውም። ክብደቱ ይበቃዋል።»

«ይጨመርለትና ይፍጠን!» እናቱ ከወጥ ቤት ሰምታ፣ «እኔ እሳፈርበታለሁ፣ እንዳታስቡት!» አለች።