ያየና የሰማ

በሚሲዮን ትምህርት ቤት ሳለሁ የልደት በዓል ሲቃረብ የሃንደልን «ሃሌ ሉያ» እንዘምር ነበር። መምህራችንም፣ ሃንደል «መሲሕ» የተባለውን ድርሰት ሲጽፍ አሽከሩ ምግብ ይዞ ቢገባ ጌታውን በእንባ ታጥቦ እንዳገኘውና «ሰማይ ተከፍቶ አየሁ» እንዳለው ያጫውቱን ነበር። እኔም በተራዬ መምህር ስሆን ይህንኑ ለልጆች ስነግር ኖርሁ። ሳልጨምር ነው ብል እዋሻለሁ፤ እንባውን ያበዛሁበት ቀን ነበር።

አንድ ቀን ከኋላ የተቀመጠ ተማሪ ብድግ ብሎ «አሽከሩ ለማን ነገረ? ማንስ ጻፈው?» ሲል ጠየቀኝ። የሃይማኖት ነገር እንደ ችሎት ምስክር አይቈጠርበትም ብዬ አስቀመጥሁት። ልጁ ዝም አለ፤ እኔ ግን ሌሊቱን ሳስበው አደርሁ። ለእግዚአብሔር ክብር ብዬ ያላየሁትን እንዳየሁ አድርጌ መናገሬ አሳፈረኝ።

ጡረታ ከወጣሁ በኋላ ነገሩን መረመርሁ። ሃንደል በአውሮፓ አቈጣጠር በ1741 ዓ.ም. «መሲሕን» በ24 ቀን መጨረሱ እርግጥ ነው፤ ቀኖቹን ራሱ በጽሑፉ ላይ አስፍሯቸዋል። ዳሩ ግን ለቴያትር ቤት የሚደርሳቸውንም በጥቂት ሳምንት ይፈጽም ነበርና ፍጥነቱ ስለ እምነቱ አይመሰክርም። የሰማዩ ወሬ ደግሞ እርሱ በ1759 ከሞተ ከብዙ ዘመን በኋላ፣ ከአፍ ወደ አፍ ሲሻገር ቈይቶ የታተመ ነው።

ወጣት አንባቢዬ ሆይ፣ ልቤን ያሳረፈው የባክ ነገር ነው። ባክ በ1750 ሲሞት ከተመዘገበው ንብረቱ መካከል አብርሃም ካሎቭ የተባለ የሉተራን ሊቅ ከነትርጓሜው ያሳተመው ባለ ሦስት ቅጽ መጽሐፍ ቅዱስ ነበረ። ይህም መጽሐፍ ከብዙ ዘመን በኋላ በ1934 በአሜሪካ፣ በሚሺጋን፣ በአንድ ቤተ ሰብ ቤት ተገኘ። በገጾቹ ዳር ባክ በእጁ የጻፋቸው ማስታወሻዎች አሉበት። መዘምራን በአንድነት ሲዘምሩ ቤቱን ደመና ሞላው በሚለው፣ በሁለተኛ ዜና መዋዕል ምዕራፍ 5 ቍጥር 13 አጠገብ፣ በአምልኮ ዜማ ውስጥ እግዚአብሔር በጸጋው እንደሚገኝ ጽፏል። አታሚው የዘለላቸውን ቃላትም እየሞላ አርሟል። እርሱም እንደ እኔ መምህር ነበርና ይህን ሳነብ ብቻዬን ሳቅሁ።

ያ ተማሪ ዛሬ የልጆች አባት ነው። ባለፈው ልደት ሊጠይቀኝ ቢመጣ ሁሉንም ነገርሁት።

«ታዲያ ጋሼ፣ ከእንግዲህ የሃንደልን አይዘምሩትም?» አለኝ።

«ድምፄ ሻክሯል እንጂ እዘምረዋለሁ» አልሁት።