ምድር ስትናወጥ ምን እንጠይቅ?

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

የተወደዳችሁ የሰንበት ትምህርት ቤታችን አባላትና ምእመናን፣ በ2017 ዓ.ም. በፈንታሌና በዶፈን ተራሮች አካባቢ ምድር ደጋግማ ስትናወጥ እንደ ነበር ታስታውሳላችሁ። ታኅሣሥ 26 ሌሊት የደረሰው፣ በሬክተር ስኬል 5.7 ገደማ የተለካው ርእደ መሬት አዲስ አበባ ድረስ ተሰምቷል። እኔም በዚያ ለትምህርት ነበርሁና አልጋዬ ሲወዛወዝ ነቅቻለሁ። እኛ ጾመ ነቢያትን ልንፈጽም፣ የጌታችንን ልደት ልናከብር ሦስት ቀን ቀርቶን ሳለ፣ በአፋር ክልል በአዋሽ ፈንታሌና በዱለቻ ወረዳዎች ቤታቸው የተሰነጠቀባቸው ወገኖች ሜዳ ላይ ያድሩ ነበር። መንግሥትም ለአደጋው ከተጋለጡት 80,000 ገደማ ነዋሪዎች ብዙዎቹን ወደ ጊዜያዊ መጠለያ ማውጣት ጀመረ።

በዚያ ሰሞን ከብዙ ሰው አንደበት የሰማሁት ጥያቄ «ምን በድለው ይሆን?» የሚል ነው። ይህ ጥያቄ አዲስ አይደለም። በሰሊሆም ግንብ ወድቆባቸው ስለ ሞቱት ሰዎች በተነሣ ጊዜ ጌታችን ሟቾቹ ከሌሎቹ ይልቅ ኃጢአተኞች እንዳልነበሩ አስተምሮ፣ ሰሚዎቹን ወደ ራሳቸው ንስሐ መልሷቸዋል። የመሬት ተመራማሪዎችም በስምጥ ሸለቆው ከምድር በታች የቀለጠ ዐለት እየገፋ መሬቱን እንደሚሰነጥቀው አስረድተዋል። በ1953 ዓ.ም. ካራ ቆሬንና ማጀቴን የጎዳው ርእደ መሬትም የደረሰው በዚሁ ሸለቆ ጠርዝ ነው። እንግዲህ የወገኖቻችንን በደል መመርመር የእኛ ድርሻ አይደለም።

ታዲያ ድርሻችን ምንድን ነው? በፊልጵስዩስ ወኅኒ ቤት መሠረቱ በተናወጠባት ሌሊት የወኅኒው ጠባቂ አስቀድሞ የጠየቀው ስለ ራሱ መዳን ነበር። ባመነ ጊዜ ግን በዚያችው ሌሊት የእስረኞቹን ቁስል አጠበ፤ ወደ ቤቱ አግብቶም ማዕድ አቀረበላቸው። የምድር መናወጥ ልቡን ከፈተው፤ የተከፈተው ልብም ውኃና እንጀራ ይዞ ወጣ።

በየካቲት ለዕረፍት ወደ ዳባት በመጣሁ ጊዜ ይህንኑ በሰንበት ትምህርት ቤታችን አነሣሁ። ለአዲስ የመዝሙር ልብስ ያጠራቀምነው ጥቂት ገንዘብ ነበረን። ከዚያ ላይ ለተጎጂዎቹ ይላክ ሲባል አንድ ወንድማችን፣ «አገሩ ሩቅ ነው፤ አብዛኞቹም የእኛን ሃይማኖት አይከተሉም፤ ደግሞ በደጃችን ስንት ችግረኛ አለ» አለ። ጥያቄው ከክፋት የመነጨ አልነበረም። በሰሜኑ ጦርነት ጊዜ ዳባትና ደባርቅ ቤታቸውን ጥለው የወጡ ወገኖችን አስጠግተዋል፤ በወረዳችን በዓለምዋጭ መጠለያም ኤርትራውያን ስደተኞች ይኖራሉ። ድካሙን እናውቀዋለን።

ነገር ግን ድካሙን ማወቃችን ራሱ ዕዳ አለበት። በመጀመሪያው ሳምንት ጠያቂ እንደሚበዛ፣ ከወር በኋላ ግን ተፈናቃዩ ብቻውን እንደሚቀር ከእኛ ይልቅ ማን ይመሰክራል? ስለ ሃይማኖቱም ቢሆን ደጉ ሳምራዊ የቆሰለውን ሰው ከማንሣቱ በፊት ስለ እምነቱ አልጠየቀም። ያ ጉባኤ የተደረገው ጾመ ነነዌን በፈጸምንበት ሰሞን ነበር፤ እግዚአብሔር ለዮናስ ስለ ባዕዲቱ ከተማ ሕፃናት ብቻ ሳይሆን ስለ እንስሶቿም እንደሚራራ ነግሮታል። አርብቶ አደር ለሆነ ወገን ይህ ቃል ምን ያህል ቅርብ ነው! ጾሙ ባበቃ በሁለተኛው ቀን፣ የካቲት 7፣ መጠኑ 6.0 የሆነ ሌላ ርእደ መሬት እዚያው አካባቢ ደረሰ። ከዚያ በኋላ ክርክሩ አልቀጠለም። የመዝሙር ልብሱ ለሌላ ዓመት ተላለፈ።

ስንሰጥ ግን በማስተዋል ይሁን። የደጋ ሰው ስለ ብርድ ስለሚያስብ ጋቢና ብርድ ልብስ ይቀናዋል፤ በቆላ ያለው አርብቶ አደር ግን ከሁሉ አስቀድሞ ውኃ፣ ጥላና የከብት መኖ ሊሻ ይችላል። አስቀድመን እንጠይቅ። የአንጾኪያ ክርስቲያኖች በይሁዳ ለነበሩት ወንድሞቻቸው እያንዳንዳቸው እንደ አቅማቸው አዋጥተው በበርናባስና በሳውል እጅ ልከዋል፤ እኛም እንደ ቤተ ክርስቲያናችን የልማት ኮሚሽንና እንደ ቀይ መስቀል ማኅበር ባሉ የታወቁ ተቋማት በኩል እንላክ፤ ደረሰኙንም ለጉባኤው እናሳይ።

ከሁሉ በላይ ግን ዜናው ሲቀዘቅዝ አንቀዝቅዝ። ድንኳን በአንድ ቀን ይተከላል፤ ቤትና ትምህርት ቤት ግን በዓመታት ይታነጻሉ። ከጾማችን የሚተርፈው የቁርስ ዋጋ የተራበው ድርሻ መሆኑን አባቶቻችን አስተምረውናልና በየጾሙ ወራት ትንሽ ትንሽ እየለየን እናስቀምጥ። ቀጣዩ መከራ በማን ደጅ እንደሚደርስ አናውቅም፤ የተዘጋጀ እጅ ግን ለሁሉም ይደርሳል።

የተፈናቀሉትን ወደ ቀያቸው ይመልስልን፤ እኛንም ለበጎ ሥራ የምንተጋ ያድርገን።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር፤ ወለወላዲቱ ድንግል፤ ወለመስቀሉ ክቡር፤ አሜን።